ለአባቴ የዘፈንኩለት እሑድ

በእኛ ሰፈር «ካንታሬ» የሚባለው ግስ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። መዝፈን ማለት ነው። ዶሮ ጎህ ሲቀድ ይዘፍናል፤ ቄሱ ቅዳሴውን ይዘፍናል፤ እናቴ ከጎረቤት ስትጣላ «ቆይ፣ ፊት ለፊት ሄጄ እዘፍንላታለሁ!» ትልና ወጥታ የሆዷን ዘርግፋ ትመለሳለች። ጉልበቴ ተልጦ ሳለቅስ «ዝፈኚ፣ ይለቅሻል» እባላለሁ። ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ የጓደኞቹን ስም የዘረዘረ ሰውም ዘፈነ ነው የሚባለው፤ ይህንን ሲሉ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ መስኮቱ መዘጋቱን አይተው ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሁሉንም አሳምሬ አውቅ ነበር። ስለዚህ ማንም ተነስቶ «ምስኪን፣ ቃሉ ሳይገባት ነው» እንዳይለኝ። ቃሉ ገብቶኛል። ያልገባኝ ሌላ ነው።

ያደግሁት ናፖሊ ውስጥ፣ ከወደቡ ጀርባ ካሉት ጠባብ መንገዶች በአንዱ ነው። አባቴ ሳባቲኖ ከታላቅ ወንድሙ ከአጎቴ ኤጂዲዮ ጋር በጀልባ የኮንትሮባንድ ሲጋራ ያመጣ ነበር። የሰፈሩ ግማሽ ከዚያ ይበላል፣ የቀረው ግማሽ ዓይኑን ጨፍኖ ይበላል። በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ ጀልባዋ ስትደርስ ፖሊሶች አሸዋው ላይ በደረታቸው ተኝተው ጠበቋት። የአጎቴ የበኩር ልጅ ኦሬስቴ ሊሮጥ ሲል አንገቱን በጥይት ተመትቶ እዚያው ቀረ። አባቴና የክርስትና አባቴ ሩጄሮ ተያዙ። አጎቴ በዕለቱ ትኩሳት ይዞት ቤት ውስጥ ነበር፤ ለዚህም ይመስለኛል ዕድሜ ልኩን ራሱን ይቅር ያላለው፤ ራሱን ይቅር ያላለ ሰው ደግሞ ለሌላው አይመለስም።

በኦሬስቴ ለቅሶ ቤት አጎቴ ከሬሳው ራስጌ ቆሞ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። እኔ በእናቴ ጭን ላይ ነበርኩ።

«ጀልባዋ የት እንደምትቆም የሚያውቁት አራት ሰዎች ናቸው» አለ። «አንዱ እኔ ነኝ። ልጄን አልሸጥኩም። ሁለተኛው ኦሬስቴ፤ ይኸው ተጋድሟል። ሦስተኛው ሳባቲኖ፤ ወንድሜ ነው፣ በዱላ ሦስት ጥርሱን አርግፈውታል። አራተኛው...» አራተኛውን ጣት ይዞ ቆመ። «ሩጄሮ ጥርሱ ሙሉ ነው።»

በቃ፣ ማስረጃው ይህ ነበር። በሰፈራችን ችሎት ከመንግሥቱ ይልቅ ፈጣን ነው። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ሴቶቹ ጥቁር ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ሲቆጥሩ ወንድ ብቻ ነው የቆጠሩት፤ ማታ ማታ በአልጋ ላይ ምን እንደሚወራ ማንም ትዝ አላለውም። እኔማ የጥርሱ ነገር አላስጨነቀኝም። ሩጄሮ ዋልኑት የሚባለውን ቅርፊተ ጠንካራ ፍሬ በመንጋጋው እየሰበረ የሚያበላኝ ሰው ስለነበር፣ እንዲህ ያለ ጥርስ በዱላ አይረግፍም ብዬ ለራሴ አስረዳሁ።

ሩጄሮ ጀልባ ቀቢ ነበር። ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ቀለም አይጠፋም። ከአባቴ ጋር አበልጅ ናቸው፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ አበልጅ ከወንድም ይበልጣል። ወንድምን እናትህ ትሰጥሃለች፤ አበልጅን ግን ቅዱስ ዮሐንስን ምስክር አድርገህ ራስህ ትመርጣለህ። ያንን የከዳ ሰው ጣሪያው እንኳን ዝናብ አይከለክልለትም ይባላል። በሠርግ ቤት ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ያስዘፈነኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ከእኔ በላይ እሱ ይቀላ ነበር።

አሁን ስለ ጉብታው ልንገራችሁ። ከእስር ቤቱ ጀርባ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ጎመን የተተከለበት ጉብታ አለ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶች እዚያ ይወጣሉ። ደብዳቤውን ዘበኛ ቀድሞ ያነበዋል፣ በመጠየቂያው ክፍል ዘበኛ ያዳምጣል፤ ዘፈን ግን ማን ይከለክላል? ረጅም፣ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ፣ እንደ እንጉርጉሮ የሚሳብ ዘፈን ነው፤ ሁልጊዜ በሎሚ ቅጠል ይጀምርና መልእክቱን አስከትሎ ይወርዳል። የልጅ መወለድ፣ የእናት መሞት፣ የጠበቃ መጥፋት፣ ሁሉም በዚያ ያልፋል። እስረኛው ከሰማ በመስኮቱ ብረት መሃል ጨርቅ አውጥቶ ያውለበልባል። ዘበኞቹ አንዳንዴ ያባርራሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን እነሱም ቆመው ይሰማሉ።

ድምፁ የማይደርስለት ሰው ዶና ካርሞሲናን ይቀጥራል። ዶና ካርሞሲና ወፍራም፣ ባሏ የሞተባት፣ የተነከረ ግብጦና ወይራ የምትሸጥ ሴት ናት። አፏን ስትከፍት ግን እስር ቤቱ በሙሉ ማንኪያውን ያስቀምጣል።

«የሎሚ ቅጠሉን ነፋስ ወዘወዘው፣
ልጅህ ጥርስ አብቅሎ ዳቦ መግመጥ ያዘው።»

እንዲህ ያለውን ስትል ከላይ ሳቅም ለቅሶም ይሰማል። ለአባቴም በኅዳር ወር ሁለት ጊዜ ዘፈነችለት፤ ሁለቱንም ጊዜ ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከማዕዘኑ መስኮት፣ ነጭ ጨርቅ ወጣ። እኔ በደስታ ዘለልኩ። አባቴ ማለት ለእኔ በዚያ ወር ያ ጨርቅ ነበር።

በታኅሣሥ መጀመሪያ አጎቴ አዲስ ግጥም ሰጣት።

«የሎሚ ቅጠሉ በውርጭ ተመታ፣
ቤትህን ጥረገው ለበዓሉ ማታ።
ጉድፉ ከደጅ አይደል፣ ካልጋህ ነው ራስጌ፣
እንቅልፍ እንዳይወስድህ፣ ንቃ አንተ ከግርጌ።»

አባቴና ሩጄሮ በአንድ ክፍል እንደታሰሩ፣ አልጋቸውም ራስጌና ግርጌ የተገጣጠመ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ግጥሙ ለማን እንደተላከና ምን እንደሚል ከእኔ በቀር ያልገባው አልነበረም። እኔ እንዲህ ነበር የተረዳሁት፦ ገና ደርሷል፣ እናቴ መስኮት እየወለወለች ነው፣ አባቴም ክፍሉን ይጥረግ። ሩጄሮ እንደሆነ የቀለም ሰው ነው፣ አልጋው ሥር ቆሻሻ አያጣም።

ዶና ካርሞሲና ዘፈነች። ጨርቁ አልወጣም። ደግማ ዘፈነች። ከማዕዘኑ መስኮት አንድ እጅ ብቅ አለና መልሶ ገባ። አጎቴ ጎመኑን በጫማው እየረገጠ ወረደ። እኔ እስከ ቤት ድረስ አለቀስኩ፤ አባቴ የረሳን መስሎኝ።

በማግስቱ አጎቴ እጄን ይዞ ወደ ዶና ካርሞሲና ሱቅ ወሰደኝ። በርሜሎቿ መንገዱ ላይ ተደርድረዋል፣ ክንዷ እስከ ክርኗ በጨው ውሃ ረጥቧል።

«ዶና ካርሞሲና፣ ትናንት ድምፅዎ አልደረሰም» አላት።

«ደርሷል።»

«ጨርቅ የታለ?»

«ሰው ሰምቶ ዝም ሊል ይችላል፣ ዶን ኤጂዲዮ። ሳባቲኖ የሰማውን አልወደደውም።»

«አርጅተዋል፤ ጉሮሮዎ ዝጓል። የሚመጣው እሑድ ይቺ ትዘፍናለች። እርስዎ ያስጠኗታል።»

ዶና ካርሞሲና እኔን አየችኝ። እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ከዚያ እሱን አየችው፣ «እርስዎ» ማለቱንም ተወችው።

«ይህንን አላደርግም። የሰው ሞት ዘፍኛለሁ፣ ሚስቱ የኮበለለችበትን ዘፍኛለሁ፣ ገሃነም ብገባ መግቢያዬ እሱ ነው። ልጅን ግን ጉብታው ላይ አላወጣም። ያ ሰው የልጁን ድምፅ ከአንተ ጎን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ።»

እኔ ደግሞ ቀናችብኝ አልኩ። እንዴት እንደተናደድኩ! ድምፄ ከድምፅዋ እንዳይበልጥ ፈርታለች፣ አባቴ ጨርቁን ለእኔ እንዲያወጣ አትፈልግም አልኩ።

አጎቴ ኮቱን አወለቀና አስያዘኝ። ኪሱ ውስጥ የሚከብድ ነገር ነበር። ከዚያ የዶና ካርሞሲናን ሹሩባ ጨምድዶ ፊቷን በግብጦው በርሜል ውስጥ ደፈቀው። ቢጫው ግብጦ ገንፍሎ ድንጋዩ ላይ ተበተነ። አውጥቶ «ታስጠኚያታለሽ?» አላት። ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም። መልሶ ደፈቃት። እግሯ ሲንፈራገጥ አንዱ ነጠላ ጫማዋ ተወርውሮ ሥጋ ሻጩ በር ላይ ወደቀ። ሥጋ ሻጩ ፊቱን አዙሮ ቢላ መሳል ጀመረ። በሦስተኛው ጊዜ አጎቴ ውሃው ውስጥ አልደፈቃትም፤ አፏን በበርሜሉ ጠርዝ መታው። እንጨት የተሰበረ ነበር የመሰለኝ። ጨው ውሃው ቀላ፣ እሷ በጉልበቷ ተንበርክካ የገዛ ጥርሷን ከግብጦው መሃል በጣቷ ፈለገች።

ኮቱ እንዳይረጥብ ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ የሚያሳፍረኝ ነገር ሞልቷል፣ እንደዚያ ኮት ግን የሚያሳፍረኝ የለም።

ዶና ካርሞሲና ከዚያ በኋላ አልዘፈነችም። ጥርስ የሌለው አፍ ቃሉን አይይዝም።

ግጥሙን ያስጠናኝ ራሱ አጎቴ ነው፣ በእኛ ማድ ቤት። ከበዓሉ ቀደም ብሎ ካፒቶኔ ይዞልን መጥቶ ነበር፤ እባብ የሚመስለው፣ ለገና ዋዜማ የሚበላው ዓሣ። ያለ እሱ ገና የለም፤ ደግሞም በሕይወት እንዳለ ነው የሚታረደው። እናቴ ከገንዳው ልታወጣው ስትሞክር ክንዷ ላይ ተጠመጠመባት። አጎቴ ቀማትና ገበታው ላይ አጋድሞ ራሱን በቢላ ቆረጠው። ራሱ ከተቆረጠ በኋላም ይንቀሳቀስ ነበር።

«በይ፣ ከመጀመሪያው» አለኝ፣ ቢላውን እያነሳ።

«የሎሚ ቅጠሉ በውርጭ ተመታ...» አንድ ቁራጭ። «ቤትህን ጥረገው...» ሌላ ቁራጭ። ስንኙን ስስት እጁ አየር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ቁርጥራጮቹ እየዘለሉ ወለሉ ላይ ይወድቃሉ፣ እናቴ ታነሳለች።

«አባዬ አሁን ይሰማኛል?» አልኩት።

«አንቺን? ደንቆሮ ቢሆን እንኳን ይሰማሻል» አለና ሳቀ።

እናቴ ያኔ ነው ጣቷን የቆረጠችው። ጎመን እየከተፈች ነበር፤ ደሙ ነጩ ገበታ ላይ ሮጠ። ጨርቅ ጠቅልላ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፣ ያለ ድምፅ፣ ረጅም ለቅሶ። ለአንድ ጣት ይህን ያህል? ብዬ ታዘብኳት።

እሑድ ጠዋት ፀጉሬን አበጠረችልኝ። ቀይ ጥብጣብ አሠረችልኝ፣ ፈታችው፣ መልሳ አሠረችው። አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ኤጂዲዮ» አለች እናቴ።

«ምን?»

ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ከንፈሯ ነጭ ነበር።

«ምን ሆንሽ፣ ቪንቼንሳ? ተናገሪ።»

«ልጅቷን ብርድ ይመታታል። ሻርፕ ላምጣላት።»

ሻርፑን አመጣችልኝ። ልትለው የነበረው ሌላ ነገር ነው። ምን እንደነበር ያወቅሁት ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ጉብታው ላይ በዚያን ቀን ብዙ ሴቶች ነበሩ፤ እኔን ከአጎቴ ጋር ሲያዩ ግን ቅርጫታቸውን አንስተው አንድ በአንድ ወረዱ። ለእኔ ክብር ቦታ የለቀቁልኝ መስሎኝ አንገቴን ቀና አደረግሁ። አጎቴ ከኋላዬ ቆመና እጁን አንገቴ ላይ አሳረፈ። እጁ ሞቃት ነበር። ብርድ ስለሆነ ደስ አለኝ።

ዘፈንኩ። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ዘፍኜ አላውቅም። ድምፄ አጥሩን ተሻግሮ ግንቡን ሲመታ ለራሴ ይሰማኝ ነበር። እስር ቤቱ ፀጥ አለ። የመጨረሻዋን ስንኝ ትንፋሼ እስኪያልቅ ሳብኳት። ምንም የለም። ከማዕዘኑ መስኮት ምንም። አጎቴ አንገቴ ላይ ያለውን እጁን ጠበቅ አደረገው፣ ደግሜ ጀመርኩ፣ ሳልጨርሰው ጨርቁ ወጣ።

ነጭ ፎጣ ነበር። ወጣና ተውለበለበ፣ ቀኝና ግራ፣ ቀኝና ግራ፣ እኔ «አባዬ! አባዬ!» እያልኩ ስዘል ተውለበለበ፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ ዞር ብዬ አየሁት፣ አሁንም ይውለበለባል። አጎቴ እጁን ከአንገቴ አነሳ። ከጥጉ ሱቅ ሪኮታ አይብ የተሞላ ትኩስ ጣፋጭ ገዛልኝ፣ ምላሴን አቃጠለኝ። ቤት ገብቼ «አባዬ መለሰልኝ!» ስላት እናቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ደስታ ጉልበቷን የቆረጠው መስሎኝ ከጣፋጩ ቆርሼ አጎረስኳት።

ሩጄሮ የሞተው በገና ዋዜማ ነው፣ እስረኞቹ ተሰብስበው ምሳ ከበሉ በኋላ፣ በተሳለ የማንኪያ እጀታ። አሥራ አንድ ጊዜ ነው የተወጋው፣ አሥራ አንዱም ከጀርባው። አባቴ ከዚያ በኋላ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አልጋው ላይ ተቀምጦ ዘበኛ ጠራ። ይህንን የነገረኝ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ነው። ዓቃቤ ሕጉ «ከጀርባ» የምትለዋን ቃል ደጋግሞ ጠቅሷት ነበር፤ ፈሪ፣ አድብቶ ገዳይ ለማለት። ሠላሳ ዓመት ፈረዱበት፣ ወደ ደሴት እስር ቤትም አዛወሩት።

እኔ በዚያን ቀን ያየሁት የሩጄሮን ሚስት ሩሲናን ነው። ሁለት መንገድ ማዶ ትኖር ነበር። ጩኸቷ ሲሰማ የሰፈሩ መስኮት ተራ በተራ ተዘጋ፤ አጎቴ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ሦስት ጥይት ወደ ሰማይ ተኮሰ፤ ለበዓሉ መስሎኝ አጨበጨብኩ። ሰው ሲሞት ጎረቤት ለለቅሶ ቤት ምግብ ያደርሳል፣ በሐዘን ቤት እሳት አይነድም። ለሩሲና ግን ማንም ሳህን ይዞ አልሄደም፤ የዘፋኝ ሚስት ናትና። እናቴ ብቻ ሾርባ ሠራች። ድስቱን በጨርቅ ይዛ በራችን ላይ ቆመች፣ ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ ተመልሳ ወደ ምድጃው አስቀመጠችው። አጎቴን ፈርታ ነው አልኩ። የፈራችው የሩሲናን ዓይን ነበር።

ሩጄሮ ምን ሆኖ እንደሞተ ስጠይቅ «ታሞ» አሉኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ በጠብ መሃል እውነቱን ፊቴ ላይ ተፋችው፤ «አባትሽ አበልጁን ያረደ!» ብላ። መታኋት፣ መታችኝ፣ ሁለታችንም ደማን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘፍኜ አላውቅም። ለሌላው ነገር ግን አንድ መጽናኛ ነበረኝ፤ ቢያንስ ጥፋተኛ ሰው ነው የሞተው እል ነበር። ሩጄሮ ኦሬስቴን ሸጧል። ይህንን እያኘክሁ አደግሁ።

አጎቴ ኤጂዲዮ በፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ፊቱ ሳሙና እንደተቀባ በጥይት ተገደለ፤ በሌላ ሰው፣ በሌላ ጉዳይ። ሰፈሩ ሁለት ቀን አለቀሰለት፣ በሦስተኛው ቀን ሌላ ዶን አገኘ።

አባቴ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ተፈታ። ፀጉሩ አልቆ፣ አፉ ባዶ ሆኖ፣ እንደ እስረኛ ግድግዳ ግድግዳውን እየታከከ የሚሄድ ሽማግሌ። በተፈታ በአራተኛው ቀን ሰገነቱ ላይ ሁለታችን ተቀምጠን ነበር። እናቴ ውስጥ ዓሣ እየጠበሰች ነው።

«አባዬ» አልኩት፣ «ሩጄሮ ለፖሊሶቹ ስንት ስም ነው የሰጣቸው?»

ወደ መንገዱ አየ።

«አንድም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሩጄሮ አልዘፈነም። ሲደበድቡኝ የፖሊሱ አለቃ ከአፉ አመለጠው። ‹ምን ያንገበግብሃል፣ የገዛ ሚስትህ ናት፤ ባሕር ከሚበላው እናንተ ያዙልኝ ብላ የመጣችው› አለኝ። ሩጄሮ አጠገቤ ታስሮ ነበር። እሱም ሰምቷል።»

ከውስጥ የዘይቱ ድምፅ ይሰማል። እናቴ ሳህን ታንኳኳለች።

«ሁለት ዓመት ታስሬ በሕይወት እንድወጣላት ነው የፈለገችው» አለ። «ኦሬስቴ ይሞታል ብላ አላሰበችም። ኤጂዲዮ ግን ቢያውቅ እንደ ገና ዓሣ ነበር የሚከትፋት። ‹ሩጄሮ አይደለም› ብዬ ብልክበት ‹ታዲያ ማን ነው?› ይለኛል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ያዋጣኛል ብዬ ነበር። ከዚያ ያንቺ ድምፅ መጣ።»

«እኔ እኮ... ክፍልህን እንድትጠርግ ነው የመሰለኝ።»

«አውቃለሁ። ቃሉንማ ከዚያ በፊት በነበረው እሑድም ሰምቼው ነበር። የኤጂዲዮ እጅ አንገትሽ ላይ ነበር፤ መልእክቱ እሱ ነው። ሁለታችንም መስኮቱ ጋ ነበርን፣ እኔና ሩጄሮ። እኔ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጨርቁን ካወጣሁ እሺ ማለት ነው፣ ካላወጣሁ አንቺ... ደግመሽ ስትጀምሪ ሩጄሮ ‹ልጅቷ ብርድ ላይ ናት› አለኝ። ፎጣውን ከትከሻዬ ወሰደና እሱ አውለበለበው።»

«ማን?»

«ሩጄሮ። እስክትወርዱ ድረስ አልተወም። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጠ፤ ‹ዋዜማው ላይ ይሁን፣ ምሳ ከበላን በኋላ› አለኝ። በቀኑ ራሱ ነው ጀርባውን የሰጠኝ። ‹ፊትህን እያየሁ አይሆንልህም› ብሎ።» አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «አንድ ጊዜ በቂ ይመስለኝ ነበር። በቂ አልነበረም።»

እናቴ ብቅ አለች፤ «ዓሣው ይቀዘቅዛል፣ ኑ ብሉ።» አባቴ ተነሥቶ ገባ፣ ተቀመጠ፣ በላ። ሰው ሃያ ሰባት ዓመት ከታሰረ ብሉ ሲባል ይበላል። እኔ ግን ካፖርቴን አነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አለች እናቴ።

«ሩሲና ጋ።»

አባቴን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ሁሉም ነገር ገባት። መጥበሻውን አስቀመጠች።

«ኤርሲሊያ፣ ያደረግሁትን ያደረግሁት ባሌን ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ያልኩት ደግሞ አንቺን ብዬ ነው፤ እናት እንዳታጪ። ይህንን ደጃፍ ለዚያች ሴት ብለሽ ከወጣሽ ልጄ አይደለሽም።»

ጠላኋት ብል እዋሻለሁ። እንደዚያ ቀን ወድጃት አላውቅም። ወጣሁ። እናቴ ቃሏን ጠበቀች፤ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረች፣ አንድ ቃል ሳትተነፍሰኝ ሞተች።

ሩሲና በሯ ላይ ጓንት እየሰፋች ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት «የዘፋኙ ሚስት» እየተባለች፣ ለእጇ ሥራ ከሌላው ግማሽ እየተከፈላት፣ በቤተክርስቲያን የመጨረሻው ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ የኖረች ሴት ናት። ስታየኝ መርፌዋን አቆመች። የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃለች።

ቆሜ ነገርኳት። የእናቴን ስም ጠርቼ፣ የእኔን ጨምሬ፣ ፎጣውን፣ ጀርባውን፣ ሁሉንም። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ተነሣችና በሙሉ ኃይሏ በጥፊ መታችኝ። ጆሮዬ ጮኸ። ሁለተኛውን እጇን ስታነሳ አልሸሸሁም። ሁለተኛውን ግን አልመታችኝም።

«ፎጣውን እሱ ነው ያውለበለበው?» አለችኝ።

«እሱ ነው።»

«አንቺ ብርድ እንዳይመታሽ።»

«አዎ።»

አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞራ ተጣራች፤ «ቶማሶ! ና ውጣ፣ ወንበር ይዘህ ና!» አባቱ ሲሞት የአራት ዓመት ሕፃን የነበረው፣ በሰፈሩ ሥራ የሚሰጠው ሰው ያጣው ልጇ ሁለት ወንበር ይዞ ወጣ።

«ስለ አባትህ ነው» አለችው። «በይ፣ ከመጀመሪያው ንገሪው። መንገደኛውም እንዲሰማ ጮክ ብለሽ።»

ቶማሶ አንዱን ወንበር ለእናቱ፣ ሌላውን ለእኔ አደረገና ቆሞ ሰማኝ።